ድምፅ ያጣው ወፍጮ

ውድ አበልጄ አያሌው፣

ስልክህ ይጠራል፣ አታነሳም። አራት ጊዜ ሞከርኩና ተውኩት። ስለዚህ ለእህል ንግድ ወደ እብናት የሚወርደውን ማስተዋልን ይህችን ወረቀት በእጅህ እንዲሰጥህ፣ ሳታነባትም እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ። እና ፊቱን እያየህ አታቁመው፣ አንብብ።

ያስቀየምኩህ መሆኑን አውቃለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን የናፍጣ ሞተር በክንድህ እያዞርክ ያስነሳኸው፣ ሲታመም ያከምከው አንተ ነህ። እኔ ግን ሳላማክርህ አስነቅዬ በመብራት የሚሠራ ዲናሞ ተከልኩ። ማለዳ ስትመጣ ሞተሩን ደጅ ላይ ተጋድሞ አገኘኸው። «አበልጄ፣ እኔንም አብረህ ብታወጣኝ ይሻል ነበር» አልከኝ። መቼም አፌ አያርፍ፣ «በሩ ክፍት ነው» አልኩህ። የመስቀል ማግስት ነበር። በሳምንቱ ቤተሰብህን ይዘህ እብናት ገባህ አሉኝ።

ምክንያት ግን ነበረኝ፤ ስማኝ። ጀሪካን ይዘን ደብረ ታቦር ማደያ ፀሐይ ሲመታን የዋልንባቸውን ቀናት አልረሳህም። ናፍጣ ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል፣ ወፍጮ ሲቆም መንደሩ ቆሎ ይቆረጥማል። ያቺ ከወረዳ የመጣችው የኢነርጂ ባለሙያ፣ ብርቱካን፣ ያለችንም ትዝ ይልሃል። «ጋሼ ጥላዬ፣ ናፍጣው ከባሕር ማዶ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ዶላሩን ደግሞ ያመጣው ገበሬው ነው፣ ሰሊጡንና ቡናውን ሽጦ። መብራቱ ግን ከገዛ ውሃችን ነው የሚመነጨው። እናንተ ናፍጣ በተዋችሁ ቁጥር አገር ያንን ዶላር ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ ታውለዋለች።» አንተ ደግሞ ከሞተሩ ጀርባ ብቅ ብለህ፣ «ልክ ነሽ እህቴ። መብራት የጠፋ ቀንስ አገር ምን ትበላለች?» አልካት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አፈርኩብህ። አሁን ሳስበው ያሳፈረኝ እውነትህ ነበር።

እንግዲህ ዲናሞው ተተከለ። ጭስ የለ፣ የዘይት ሽታ የለ፣ እጅ መቁሰል የለ። ቁልፉን ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። ሰው ግን አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ የገና በዓል ሊደርስ ሲል እንኳ እህል የጫነች አህያ በደጄ እያለፈች ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ትሄዳለች። በአንተ የተነሳ አድመውብኛል ብዬ ደሜ ፈላ። መጨረሻ ላይ እማማ ፈንታነሽን መንገድ ላይ ያዝኳቸው።

«እማማ፣ ምን በደልኩዎት? ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ጋ ሲያስፈጩ ኖረው አሁን ማዶ ይሻገራሉ?»

«ውይ በሞትኩት! ተዘግቶ የለም እንዴ? ድምፁ ከጠፋ ስንት ጊዜው!»

አበልጄ፣ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ለካ አንተ ጭስ ማውጫው ላይ የደፋሃት አሮጌ ጣሳ ናት ገበያተኛውን ሁሉ ስትጠራልኝ የኖረችው። ኩክ ኩክ ስትል እስከ ማዶ ጋራ ድረስ ይሰማል፤ ሴቶቹም ያኔ ነው እህላቸውን የሚያሰናዱት። ዲናሞው ዝም አለ፣ እነሱም ወፍጮው ሞቷል ብለው ቀሩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት የኔ ነገር ነው።

መላ ፈለግሁ። ጓሮ የወደቀችውን አሮጌ የመኪና ቸርኬ፣ የጎማዋን ብረት፣ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀልኳትና ረቡዕ ማለዳ በብረት መታኋት። ነውር እንዳይሆን ብዬ ረጋ አድርጌ፣ እያሳረፍኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ ተረጋግቼ አፈሰስኩ። ደወል እንደዚያ ረጋ ብሎ ሲመታ ምን እንደሚነገርበት አንተም ታውቃለህ። ብዙም ሳይቆይ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ደጄን ሞላው። ቄስ ሀብተማርያም ከፊት ሆነው «ማን ዐረፈ?» አሉኝ።

መልስ ሳልሰጥ እማማ ፈንታነሽ ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ አያሌው! ያ ሞተር ሲነቀል እሱም አይሰነብትም ብዬ ነበር!»

በቃ፣ ለቅሶው ተነሳ። «ኧረ አልሞተም! ወፍጮ ነው!» ብል ማን ይስማኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቸርኬዋን የመታሁት እኔው ራሴ መሆኔን እያወቅሁ እኔም ተጠራጠርኩ። ስልክህ አይነሳ፣ ወሬህ የለ። ምናልባት እነሱ የሰሙት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሴት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቄስ ሀብተማርያም ነገሩ ሲገባቸው፣ «ጥላዬ፣ ደወል የቤተ ክርስቲያን ነው። አንተ ሰው ከፈለግህ ሄደህ ጥራ» አሉኝ። እኔ ግን ያሉት ስለ ገበያተኛ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ማስተዋል ከእብናት ሲመለስ፣ «ገበያ ላይ አየሁት፣ ያንኑ ዘይት የነካው ሸሚዝ ለብሶ» አለኝ። እህል ከጉሮሮዬ የወረደው ያን ቀን ነው።

አሁን ሰው ወፍጮው ሕያው መሆኑን ስላወቀ ይመጣል። ዳሩ ግን መብራት በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ያኔ ጆንያው እስከ በር ይደረደራል። ትናንት ያለበስኩትን ሸራ ገልጬ ሞተርህን ላስነሳ ብሞክር የማስነሻው እጀታ ተመልሶ ክንዴን መታኝ፤ ወጌሻ አሽቶኛል። ጽሑፌ የተንጋደደው ለዚያ ነው። ብርቱካንም አንተም ልክ ነበራችሁ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መብራቱ ባለ ጊዜ በውሃው እንፍጭ፣ ሲጠፋ ደግሞ አንተ ሞተሩን አስነሳ። ቦታውን አጽድቼለታለሁ፣ ከዲናሞው ጎን። ጣሳዋንም ማንም አልነካትም።

ይቅር በለኝ አያሌው። ያን ጊዜ በሩን ማሳየት አልነበረብኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። መንደሩ ሁሉ በሕይወት መኖርህን ሰምቶ ተጽናንቷል፤ እማማ ፈንታነሽ ግን እምቢ ብለዋል። «በዓይኔ ካላየሁት፣ ያችን ኩክ ኩክ ካልሰማሁ አላምንም» ብለው ነጠላቸውን እስከ ዛሬ እንዳዘቀዘቁ ናቸው። ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ሆነው ነው የሚሄዱት። ሰው ባየ ቁጥር «ማን ሞቶባቸው ነው?» ይላል፣ እኔም አንገቴን እደፋለሁ።

የክርስትና ልጄን ዮርዳኖስን ሳምልኝ። ከማስተዋል ጋር ና፣ እኚህን ሴትዮ ከሐዘን አውጣቸው። እኔንም።

አበልጅህ ጥላዬ