የሳጥኑ በር ክፍት ስለነበረበት ቀን

ቀን፦ የካቲት 11

ለጤና መረጃ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በሟች እህቴ የግል ማህደር ውስጥ «ሆን ብላ ሐሰተኛ ልኬት አቅርባለች» ተብሎ የተጻፈው ተነሥቶ ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች በመሥሪያ ቤትዎ የጥገና ክፍል ለዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ቴክኒሺያን ስሆን፣ ይህን አቤቱታ የማቀርበው ከሦስት ወር በፊት በሞት ስለተለየችን ታላቅ እህቴ ነው። እርስዎ የሰርቨር ጥናት ቡድን መሪ እንደነበረች ያውቃሉ። ሠራተኛው ግን «ለካችሁት ወይ» በሚል ቅጽል ስም ነበር የሚጠራት። አንድ ሰው «ይህ ማሽን ፈጣን ነው» ወይም «ያኛው ይሞቃል» ካላት፣ ሌላ ነገር ከመናገሯ በፊት የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ስሙ ጆሮዋ የደረሰ ዕለት መቆጣቷን ትታ በወረቀት ጽፋ ቢሮዋ በር ላይ ለጠፈችው።

ጽሑፌ ከአቤቱታ ወግ ወጣ ካለ ይታገሡኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ሦስቱም ላይ ራሴን የማድንባት አንዲት ቀዳዳ ትቼ ነበር።

1. ስለ ጥናቱ። ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ሰርቨሮች ሊገዛ አሰበ፤ አንዱ ክፍል ለማዕከሉ፣ ሌላው ዳር ዳር ላይ ላሉት አሥራ አራት ጤና ጣቢያዎች። በየጣቢያው አንድ ትንሽ ሰርቨር የሚቀመጠው መስመር በተቋረጠ ቁጥር የበሽተኛ ካርድ ከዚያው እንዲነበብ ነው። ቦታው መድኃኒት መስጫው ጥግ፣ አቧራ እንዳይገባበት በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ግዢው እንዲቀል ለሁሉም አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ ይገዛ ያሉ ነበሩ። እህቴ ያኔ የተናገረችው በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ሰፍሯል፦ «የሠርግ ምድጃ እኮ ጓዳ አይገባም። ቢገባም ጭሱ ይጨርሰናል።»

ስለዚህ ለየብቻ አወዳደረች። ለማዕከሉ ባለ ስልሳ አራት ኮሩን መረጠች፤ ኮር በዚያ አንጎል ውስጥ እንዳለ አንድ ሠራተኛ ነው፣ እዚያ ደግሞ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ጥያቄ ስለሚመጣ ብዙ ሠራተኛ ያስፈልጋል፣ ሙቀቱንም ማቀዝቀዣው ያወጣዋል። ለጣቢያዎቹ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። ባለ ስምንት ኮሩ ዝግ ያለ፣ ግን የማይሞቅ ነው። ባለ አሥራ ስድስት ኮሩ የራጅ ምስል በግማሽ ጊዜ ይከፍታል፤ ሳጥኑ ሙቀቱን ይችለው እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ በሩ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ስድስት ሰዓት በሙሉ ጭነት ቢሠራ ሙቀቱ ስንት ይደርሳል?

2. ስለ ልኬቱ። ይህን እንድለካ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ባለ ስምንት ኮሩን በሩን ዘግቼ ለካሁ፣ 66 ዲግሪ ሆነ። በማግስቱ ባለ አሥራ ስድስቱን ሳስገባ የዚህኛው የስክሪን ገመድ ወፍራም ሆነና በሩ አልገጥም አለኝ። ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንዲበሳ ብረታ ብረት ክፍልን መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ብተወው ምን ይመጣል ብዬ ተውኩት። በእኛ ክፍል ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ የልኬት ቅጽ እንደ አዲስ አንሞላም፣ የትናንቱን ገልብጠን ቁጥሮቹን ብቻ እንቀይራለን። ከትናንቱ ቅጽ ላይ «የሳጥኑ በር፦ ዝግ» የሚለውም አብሮ ተገለበጠ። ቁጥሩን 72 ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እህቴ ልቧ ወደ ባለ ስምንት ኮሩ ያደላ እንደነበር ቡድኑ በሙሉ ያውቃል። ነገር ግን ልኬት አይታ ልቧን የምትከተል ሰው አልነበረችም። የእኔን 72 ተቀብላ ባለ አሥራ ስድስቱ እንዲገዛ ጻፈች።

3. ስለ ተከተለው። የአየሩ ሙቀት ሲበረታ በዘጠኝ ጣቢያዎች ሰርቨሮቹ መጀመሪያ ራሳቸውን ለማዳን ቀስ አሉ፣ ቀጥሎ ጠፉ። የሞተ ሰው የለም። ሆኖም ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት ካርዳቸው እስኪገኝ ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ ይህን በስልክ የነገረችኝ የጣቢያው ነርስ ናት። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ሳጥኑን ዘግቶ ሲለካ 97 አገኘ። ዋናውን የልኬት ቅጽ እንድታቀርብ እህቴን ጠየቃት። ፈልጌ አጣሁት አለች። ማን ለካው ሲሏት «የቡድኑ ልኬት ነው፣ ጥናቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው» ብላ መለሰች። ኮሚቴውም ያልተለካውን እንደተለካ አድርጋ ሆን ብላ እንደጻፈች ወሰነ። ከመሪነቷ ተነሥታ ጠረጴዛዋ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ተደረገ። በሯ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት የነቀለው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ኮሚቴውን አልከስም። የቀረበለትን አይቶ ነው የፈረደው።

4. እኔ ስለማውቀው። ኮሚቴው ፊት ከመቅረቧ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ እሑድ ምሳ ቤቷ ጠርታኝ ነበር። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከድርሻዋ ላይ ወደ እኔ እያደረገች፣ እንደ ዘበት «ያን ቀን በሩ ዝግ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «ዝግ ነበር እትዬ፣ ቅጹ ላይ አለ አይደል እንዴ» አልኳት። «አዎ፣ ቅጹ ላይስ አለ» አለች። ከዚያ «ብላ፣ እንዳይቀዘቅዝብህ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ዳግም አላነሣችውም።

ያን ሰሞን የፈረቃ መሪነት እድገቴ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። እሷም ታውቅ ነበር። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለሁ አባታችን ሲሞት፣ እናታችን ሥራ ሲውሉ ያዘለችኝ እሷ ናት። አሁንም ያዘለችኝ መሆኑ ግን ያኔ አልገባኝም፤ ወይም እንዳይገባኝ ፈለግሁ።

5. ስለ ተገኘው ማስረጃ። ከሞተች በኋላ ዕቃዎቿን ስናስተካክል የሥራ ማስታወሻ ደብተሯ እጄ ገባ። ከዚያ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ፣ በራሷ እጅ፣ ሁለት ልኬት ተጽፏል፦ «በሩ ዝግ፣ 97። በሩ ስንዝር ክፍት፣ 72።» ከሥሩ አንድ ቃል የለም። በገጾቹ መካከል አጣሁት ያለችው ቅጽ፣ የእኔ ፊርማ ያለበት፣ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ያን እሑድ የጠየቀችኝ ለማወቅ አልነበረም። ታውቀው ነበር። እኔው ራሴ እንድናገር በሩን ከፈተችልኝ፣ እኔ ዘጋሁት። ይህን ደብተር ካነበብኩ ወዲህ እህል ሲቀርብልኝ «ብላ» ያለችው ድምፅ ይመጣብኛል፤ ሳህኑን ገፍቼ እነሣለሁ። ሐኪሞች የሞተችው በልብ ሕመም ነው ብለዋል። የውሳኔ ደብዳቤያችሁ ገደላት አልልም፤ ያን ለማለት ከሁሉ የመጨረሻው ሰው እኔ ነኝ። በሞተች ጊዜ ግን ስሟ የውሸታም ስም ነበር። በሕይወቷ አንድ ቁጥር ሳትለካ ጽፋ የማታውቅ ሰው ናት። ዋሸች ከተባለ፣ የዋሸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ቅጹን አጣሁት» ስትል።

6. ስለዚህ የምለምነው፦ በማህደሯ ያለው «ሆን ብላ» የሚለው ቃልና ውሳኔው እንዲሻር፤ በምትኩ የልኬቱ ስህተትም፣ ስህተቱን መደበቁም የእኔ መሆኑ በማህደሬ እንዲጻፍ፤ የተሰጠኝ የፈረቃ መሪነትም እንዲነሣልኝ ነው። ደብተሩንና ዋናውን ቅጽ አባሪ አድርጌያለሁ። ከዚህ በላይ የሚገባኝ ቅጣት ካለ እቀበላለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ባለፈው ሳምንት በደግነት «እሷ እኮ የለችም ወንድሜ፣ አሁን ለማን ይጠቅማል?» ብላኛለች። መልሱን እዚህ ልስጥ።

እናታችን በሕይወት አሉ። በለቅሶው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባ ሳያስበው ነገሩን እሳቸው እየሰሙ አወራው። ሰው ሲበተን አጠገባቸው አስቀምጠውኝ «አብረሃት ትሠራ የለም? ልጄ እውነት ዋሽታለች?» አሉኝ። «እኔ ሌላ ክፍል ነኝ እማ፣ አላውቅም» አልኳቸው። ዱሮ ስለ ልጃቸው ሥራ የጠየቃቸውን ሁሉ፣ ባይገባቸውም፣ ኮምፒውተሮቹን የምትመረምረው እሷ ናት እያሉ እስኪሰለች ያወሩት ነበር። አሁን ሲጠየቁ «ቢሮ ትሠራ ነበር» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ።

ይህን ማመልከቻ ዛሬ ጠዋት መዝገብ ቤት አስገብቼ፣ ቁጥር ካስያዝኩ በኋላ በቀጥታ ወደ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። የእርስዎን ውሳኔ አልጠብቅም። ሁለት ልጆች ነው የወለዱት፤ የዋሸው በሕይወት ያለው መሆኑን ከራሱ አፍ ይስሙ።

ከአክብሮትና ከዘገየ እውነት ጋር ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

(ፊርማ)
የጥገና ክፍል ፈረቃ መሪ፣
የሟች ታናሽ ወንድም