የኋላ በር ያለው ትምህርት ቤት

ለወንድሜ ለጋሼ አለምነህ፤ ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስዎ። አዲስ አበባ እንዴት ከረማችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

የልጆቹ የድሮ ትምህርት ቤት በተኩስ ከተዘጋና ወደ ወረታ ከተዛወርኩ ወዲህ፣ ለሰገንና ለያየህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳማርጥ ሰነበትኩ። ያየህ አስፋልቱ ዳር ያለውን ወደደ፤ ቤተ ሙከራው የተሟላ ነው። ሰገን ግን ርዕሰ መምህሩን፣ «የኋላ በር አለው?» ብላ ጠየቀች። የለውም። ስለዚህ ሩዝ ማሳው አጠገብ ያለውን አሮጌውን መረጥን።

ትናንት ልወስዳቸው ስሄድ፣ ሰገን የታናሽ ወንድሟን የያየህን እጅ ይዛ ከኋላ በሩ እስከ ማሳው ማዶ ስታስሮጠው አየሁ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኳት።

«ጨዋታ ነው፣ እማዬ» አለችኝ። ሁለቱም አልሳቁም።

ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ለሁለት ልጅ የሚሆን መኝታ ይገኝ ይሆን? ባለቤትዎን እትዬ ወለላን ይሳሙልኝ።

እህትዎ ሸዋዓለም