የአባባ ሸራ

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? እኔ ቡሬ ከሰው ቤት ተጠግቼ አለሁ፤ መኖር ካልኸው። ስልክ ስለተዘጋ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። የላክኸውን ጋቢ እናታችን ወደዱት ወይ ብለሃል። እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ሆዴን እርር ድብን ያደረገኝን ልናገር።

አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁት አንተ ዛሬ ባለህበት የአየር ምድብ አልነበር? በሰባ ሰባት ድርቅ እህል የሚያመላልሱትን አውሮፕላኖች እንዴት እንደጠገኑ ሲያወሩ እንባቸው ይቀድማቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የመጡት ያ አረንጓዴ የምድቡ ሸራ ኩራታቸው ነበር። እኔ የተዳርሁት በሱ ጥላ ነው። የአገሩ ለቅሶም ተዝካርም ዳሱ እሱው ነው።

ታዲያ የአባባን ሙት ዓመት በማን ሸራ ልናወጣ ኖሯል? የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገነነ ግን ዘመኑ ክፉ ነው፣ ሸራው ይቅር፣ ዳሱን በቅጠል እንጣለው ብለው ነበር። እናታችን አሻፈረኝ አሉ። ልጄ እዚያ ተቀምጦ ማን ይነካናል፣ ያባቱን ሸራ አይስተውም አሉ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!

ካህናቱ ፍትሐት ላይ እንዳሉ ድሮኑ መጣ። ከላይ ሲታይ የወታደር ድንኳን መስሎ ይሆናል አሉን በኋላ። ይሆናል! ወይ ነዶ! ስልክ ሳይዘጋ፣ የኛ ማሽን የነጠላ ጥለት ይለያል ብለህ የጎረርህብኝ አንተ አይደለህ? እንስራ ያዘሉ ሴቶች መድፍ መሰሉት? ዳዊት የያዘ ቄስ ምን መሰለው? እሳት ይብላው እንዲህ ያለ ዓይን! አባባ የተራበ ካበሉበት ሜዳ ተነስቶ የአባባን ተዝካር ፈጀው።

ያን ቅዳሜ ተረኛው ማን ነበር ብዬ አልጠይቅህም። ብጠይቅህ ትነግረኛለህ፤ እኔ ደግሞ ሰምቼው መኖር አልችልም።

ጋቢው በዋዜማው ደርሷል። እናታችን እጅግ ወደዱት። ጥለቱን ለጎረቤት ሁሉ እያሳዩ ሲመርቁህ አመሹ። ለተዝካሩ ድረቡት ብላቸው፣ ልጄ ሲመጣ እደርበዋለሁ ብለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት።

ሳጥኑን የከፈትሁት እኔ ነኝ። የተገነዙት በሱ ነው።

የሳቸው ምርቃት ይድረስህ። የኔን ግን አትጠብቅ።

ታላቅ እህትህ