ለትሬለሩ የገዛኋቸው ባትሪዎች

ካልጋሪ፣ ቴምፕል
ኦገስት 18 ቀን 1997

ለምወድሽ ልጄ ለምሥራች፣

ደኅና ነሽ ወይ? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። የምጽፍልሽ ተናድጄ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር በይኝ። እዚያ ዊኒፔግ እንዳልደውልልሽ፣ በፋሲካ ከእናትሽ ጋር ከተቀያየማችሁ ወዲህ ስልክ አታነሺም። ደብዳቤ ግን ዘግይቶም ቢሆን ይነበባል ብዬ ነው።

እናትሽ በጁን ወር "ትሬለር እንግዛ" አለችኝ። ሮማነወርቅ፣ ድንኳን ሲባል ፊቷን የምታጠቁረዋ። ሳንባዋ እንደምታውቂው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስትል የኦክስጅን ማሽኑ መሥራት አለበት። ሐይቅ ዳር ነፋስ ልትቀበል ፈልጋ ነው ብዬ፣ ካስልሪጅ ሰፈር ከሚኖር አንድ ጡረተኛ፣ በመኪና የሚጎተት መኝታ ያለው አሮጌ ትሬለር ገዛሁ። ሁሉ ነገሩ ደኅና ነው፤ ባትሪው ብቻ ሞቷል።

መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ሄጄ የእናትሽን ማሽን፣ ኤሌክትሪክ የሌለበት ቦታ እንደምንቆም፣ ሁሉንም አስረዳሁ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "ይኼ ትልቁ ነው፣ የጭነት መኪና ያስነሳል" አለኝ። ትልቅ ከሆነ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ተሸክሜው መጣሁ።

ሐይቁ ዳር ደረስን። እናትሽ ምሳዋን በልታ ጋደም አለች፤ ማሽኑን ከፍቼላት ወንበር ልዘረጋ ወጣሁ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ቆመ። ስገባ ተነሥታ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። መናገር አቅቷት በጣቷ ማሽኑን ታሳየኛለች። ለመጠባበቂያ የያዝናትን ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ከፍቼ አፍንጫዋ ላይ ገጠምኩላት። ወንበሩን እዚያው ጥለን ተመለስን።

ሱቁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ቻርጅ አድርገው።" ሌላ ሱቅ ሄድኩ፤ "ለጀልባ የሚሆነውን ውሰድ" አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ "አንድ ምን ሊሆንህ፣ አራት ያስፈልግሃል" አለ። ሁሉም እርግጠኞች ናቸው፤ ግራ የገባኝ እኔ ብቻ። ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ባትሪ መደርደሪያ ፊት ቆሜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

የገላገለኝ በድሉ ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ ከእኔ ጋር በአንድ ሺፍት የሚሠራ ልጅ ነው፤ ሻንጣ የሚጎትቱትን የኤሌክትሪክ ጋሪዎች ይጠግናል።

"ጋሽ አባይነህ፣ ያ እኮ ሞተር ማስነሻ ነው" አለኝ። "ኃይሉን ባንዴ ሰጥቶ ያርፋል። ለእርስዎ የሚሆነው ቀስ እያለ ብዙ ሰዓት የሚሰጥ ነው። ባለ ስድስት ቮልት ሁለት ይግዙና አያይዛቸዋለሁ። ከግማሽ በታች ግን እንዳያወርዷቸው።"

ቅዳሜ ራሱ መጥቶ ገጠመልኝ። በማግስቱ፣ የዛሬ ስምንት ቀን እሑድ፣ ትሬለሩ ደጃችን እንደቆመ ሞከርነው። እናትሽ ውስጥ ተኛች፤ እኔ ሰዓቴን እያየሁ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራ። ባትሪው ግማሽ ላይ ሲደርስ አጠፋሁት።

"በቃ፣ አሁን ሐይቁ ዳር እንደልብሽ ትተኛለሽ" አልኳት።

"ሐይቁን ማን ጠየቀህ?"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ጣጣ ለምን አመጣሽብኝ?"

ብርድ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። "ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሎኛል" አለች። "በዚህ ከሄድን ዊኒፔግ ስንት ቀን ይፈጃል?"

ሁለት ወር ሙሉ ከባለሱቅ ጋር ስጨቃጨቅ፣ የት መሄድ እንደምትፈልግ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

"ቀስ ብለን ከነዳን ሦስት ቀን" አልኳት። በማግስቱ ካርታ ዘርግታ የምናርፍባቸውን ከተሞች በእርሳስ ስታከብብ አገኘኋት። አንቺን ስታገኝ ምን ልትልሽ እንዳሰበች አልነገረችኝም። ይቅርታም ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቁጣም። እናትሽን ታውቂያታለሽ።

እኔም ያልነገርኳት አለ። ባለፈው ሐሙስ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ከከተማ ወጥታ እንዳታድር አለኝ። "እስከ መቼ?" ብዬ ብጠይቀው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እሷን ግን "ባትሪዎቹ ለረጅም መንገድ ገና አልተፈተኑም" እያልኩ ይኸው አቆያታለሁ። በየጧቱ "ዛሬስ?" ትለኛለች።

ነይ አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። በየትኛውም ሺፍት ብትደርሺ ግን እኔ አየር ማረፊያው ውስጥ ነኝ፤ ሻንጣሽን ራሴ አወርዳለሁ። የመጣሽ እንደሆነ ይህን ደብዳቤ እናትሽ ፊት አታንሺ። "ናፍቀሽኝ ነው" በያት።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ።

አባትሽ አባይነህ