ለአራስ የማይነገር መርዶ

ዓርብ ጥቅምት 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ገንፎው ጓጎለብኝ። ደፍቼ እንደገና አገነፋሁ። ብርነሽ ግማሹን በልታ ምን ነካሽ ዛሬ አለችኝ። እንቅልፍ ነው አልኳት።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ የአባባ ሠልስት ነው። ኮልፌ ቤታችን ደጅ ድንኳን ተተክሎ ሰፈሩ በሙሉ ተቀምጧል። እኔ እዚህ ጦር ኃይሎች፣ እህቴ ቤት ገንፎ አማስላለሁ። አባባ ረቡዕ ጠዋት እንጨት ቤቱ ውስጥ መጋዙን እንደያዘ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። ትናንት ተቀበረ። ብርነሽ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። ለአራስ መርዶ አይነገርም። ወተቷ ይነጥፋል፣ ደም ይመታታል ይላሉ። ስለዚህ ፊቱን አድርቆ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ተፈለገ። አጎታችን ጋሽ ሽብሩ እኔን መረጡ። አንቺ ጠንካራ ነሽ አሉኝ። ማን ጠየቃቸው!

ባሏ አበራ መ/ቤት ነኝ ብሎ ወጥቷል። ድንኳኑ ውስጥ ነው። ጠራችኝ፤ ልሂድ።

ሰኞ ጥቅ. 14

ጥቁር ቀሚሴ የሚያድረው ከጎረቤት እትዬ ዘሀራ ቤት ነው። ወደ ኮልፌ ስሄድ ጓዳቸው ገብቼ እለብሳለሁ፤ ስመለስ አውልቄ አበባማውን አጠልቃለሁ። እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ቢሆንም ከባላቸው ጋር ሆነው አባባን እስከ ቤ/ክ በር ድረስ ሸኝተዋል። እኔ ልጁ አልሸኘሁም።

እማዬ ፊቷን ነጭታዋለች። ጉንጯ እስኪድን አራስ መጠየቅ የለም። ለብርነሽ ጉንፋን ይዟታል፣ ለሕፃኑ ፈርታ ነው አልኳት። አባባስ? ጅማ፣ ለእንጨት። አየሽ፣ ውሸት ለምጄአለሁ።

ዛሬ ኮልፌ ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል። ሰው የለም። ከእማዬ አጠገብ ተቀምጬ ላልቅስ ብል እንቢ አለኝ። ሰዓት ደረሰ፣ ተመለስኩ።

እሑድ ጥቅ. 27

አራስ ጠያቂዎች መጡ። ከእማዬ ጋር ደረት ሲደቁ የሰነበቱት ሴቶች ናቸው። ነጭ ለብሰው፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ፣ እየሳቁ፣ ገንፎውን በቅቤ እየጎረሱ። አንዷ ሳቋን መጨረስ አቅቷት ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ብርነሽ ግን ደስ ብሏታል። ጅማ ላይ ለአባባ ማን ምሳ ይሠራለታል አለች። ሁሉም ሕፃኑን ማየት ጀመሩ።

ሰኞ ኅዳር 5

ክርስትናው የፊታችን እሑድ ነው። አባባ ካልመጣ አይሆንም ብላ ድርቅ አለች። ጋሽ ሽብሩ ተጠርተው መጡ። ከጅማ ሰው ልኮብኛል፣ ሥራ ይዞኛልና አትጠብቁኝ ብሏል አሉ። ዐይናቸውን እንኳ አላሹም።

ብርነሽ አኮረፈች። ከልጅ ልጁ ሳንቃ በለጠበት? ሲመጣ ብድግ አልልለትም አለች። አልቅሳ ሳይሆን ተናዳ፤ ከልቧ።

እስከ ዛሬ የከበደኝ መዋሸቱ ነበር። ይሄ ሌላ ነው። እህቴ በሞተ አባቷ ላይ ቂም ያዘች። ያስያዝናት እኛ። አባባ ደግሞ እሷን አስቀይሞ አያውቅም፤ ይቅርታ እንዳይጠይቅ አፈር ውስጥ ነው። አንገበገበኝ። አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነው።

ሊጠይቋት መጥተው የነበሩት እትዬ ዘሀራ ክንዴን ይዘው ጓሮ አወጡኝ። ብቻሽን ልትነግሪያት? ስትወድቅ ማን ይይዛታል? አንቺንስ? መርዶ በሰው ነው የሚነገረው፣ ልጄ፤ ጎረቤት ባለበት፣ እናት ባለችበት አሉኝ። ዋጥኩት።

ረቡዕ ኅዳር 7

ኮልፌ ተሰበሰብን። ነገሩን በሙሉ ተናገርኩ። ጋሽ ሽብሩ አርባው ይለፍ አሉ። አርባው ከክርስትናው በኋላ ያለው እሑድ ነው። እንዲያውም እስከ ፋሲካ ትጠንክር አሉ። ያኔ ምን ይቀራታል አልኩ። ድንኳን የለ፣ ሰው የለ፣ ተዝካር የለ፤ ባዶ ቤት ውስጥ አባትሽ ሞቷል ልንላት? አፈ ሰፊ ተባልኩ። ይበሉኝ።

ከዚያ እማዬ ተናገረች። እኔ ዛሬ እህል የሚወርድልኝ ስለተለቀሰልኝ ነው አለች። ድንኳኑ ውስጥ የማላውቀው ሰው መጥቶ፣ የልጄን ሬሳ ሣጥን ባልሽ ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት አብሮኝ ቀበረ አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር አልነገረኝም። ይህን ሁሉ እኔ ሰማሁ። ልጄ ግን አባቷን የምታውቀው ጅማ ቀረ ብላ ነው። ልቅሶዋን አትከልክሏት አለች።

ጋሽ ሽብሩ ባርኔጣቸውን ሲያዞሩ ቆዩ። ክርስትናው ይለፍና ማክሰኞ ይነገራት አሉ።

እሑድ ኅዳር 11 ማታ

ክርስትናው ሆነ። እልል አልን። እማዬ ነጭ ለበሰች፤ የተላጨ ራሷን በሻሽ ሸፈነች። ብርነሽ አንዴ ወደ በሩ አየች። ደክሞኛል፤ አልጽፍም።

ማክሰኞ ኅዳር 13 ከሰዓት በኋላ

ሳይነጋ መጡ። አበራ በሩን ከፈተ። እማዬ፣ ጋሽ ሽብሩ፣ እትዬ ዘሀራ፣ ከኋላቸው የኮልፌ ዕድርተኞች። ሁሉም ጥቁር። ብርነሽ አልጋው ላይ ቀና ብላ አየቻቸው። ማንም ገና አልተነፈሰም። አባባ! ብላ ጮኸች።

ሕፃኑን ነጠቅኳት። እማዬ ወገቧን ያዘች፣ እትዬ ዘሀራ እጆቿን። አኩርፌህ፣ አኩርፌህ እኮ ነው እያለች ትጮኻለች። አንዴ አልቅሰው የጨረሱ ሰዎች እንደ አዲስ አለቀሱላት። ጋሽ ሽብሩ ከሁሉ የባሰ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ፣ እሱ ምንም አላለም እያሉ። የአበራ ዕድር ደጁ ላይ ድንኳን ተከለ።

ረፋዱ ላይ ረገብ አለች። መጠየቅ ጀመረች። ማን ገነዘው? ማን ተሸከመው? ዝናብ ነበር? አንድ በአንድ ነገሯት። ጭቃ እንደነበረ፣ አናጢዎቹ ለሌላ አናሲዝም ብለው ራሳቸው እንደተሸከሙት፣ እማዬ የቱ ጋ እንደወደቀች። ሕፃኑን ታቅፌ ጥግ ላይ አዳምጣለሁ። ለእኔም መስማቴ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አፈር ሲለብስ አንቺ የት ቆመሽ ነበር አለችኝ።

እዚህ፣ አንቺ ጋ አልኳት።

አየችኝ። ሕፃኑን ከእጄ አስወስዳ ሳበችኝ። ከዚያ በኋላ የጮኸችው እኔ ነኝ አሉ። ሴቶቹ ይቺም አላለቀሰችም ለካ እያሉ ከበቡኝ። ማን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ብዙ እጅ ነበር።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ እየጠሩኝ ነው። ለአርባው እሑድ ሁለታችንም እንሄዳለን። እማዬን ከፊት እናስቀድማለን፤ መቃብሩ የቱ ጋ እንደሆነ እኔም አላውቅም።