ናቲ የቆለፈው ኢሜይል

ሰኞ

አሁንም «አክሰስ ዲናይድ» ይላል። አድሚኗ እኔ፣ ፓስዎርዱን የያዝኩት እኔ፣ ከልካዩ ማን እንደሆነ ጌታ ይወቀው። የቸርቻችን የኢሜይል ሰርቨር ባለፈው ሳምንት ሞተ። ባክአፑን፣ ተጠባባቂ ቅጂውን፣ አዲሱ ማሽን ላይ ሪስቶር አደረግሁ። ፋይሎቹ በሙሉ አሉ፣ አንዱም አልከፈት አለ። ፐርሚሽኑን ቀየርኩ። ባለቤትነቱን ወደ ስሜ አዞርኩ። አንቲቫይረሱን አጠፋሁ። ወይ ፍንክች።

የቸርቻችን አባል እትዬ ብርቄ ከኤርፖርት ጽዳት ሥራቸው በቀጥታ መጡ። የራሳቸው ኢሜይል የላቸውም። አዳማ ላሉት ባላቸው የሚልኩትን ሁሉ እየነገሩኝ በቸርቹ ኢሜይል የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ጠበቃቸው ደግሞ ትዳሩ የእውነት መሆኑን የሚያሳየውን መጻጻፍ እስከ ዓርብ ካላመጡ የባልየው ቪዛ አበቃለት ብሏቸዋል። ባልየው ስልካቸው ከጠፋ ወዲህ የራሳቸውን አካውንት መክፈት አቅቷቸዋል። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ማን ማንን ማጽናናት ነበረበት?

ማክሰኞ

ብሉሚንግተን፣ የምሠራበት ሆቴል። እንግዳ እያስተናገድኩ ሐሳቤ ፋይሎቹ ጋ ነው። ምሳዬን ስበላ ገባኝ። ኢንክሪፕት ተደርገዋል። ናቲ በራሱ አካውንት ቆልፏቸዋል፤ እሱ ጋ ያለው ዲጂታል ቁልፍ ከሌለ አድሚን ብሆን ባልሆን ለውጥ የለውም። አሮጌው ማሽን ላይ ቁልፉ አብሮ ስለነበር ሳላውቀው ቆየሁ።

ናቲ ከእኔ በፊት ሰርቨሩን ይይዝ የነበረ ነው። ቸርቹ ለሁለት ሲከፈል ከወጡት ጋር ሴንት ፖል ወደከፈቱት ቸርች ሄደ። ኳየር አብረን የዘመርን ሰዎች፣ አሁን ሌክ ስትሪት ላይ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

ረቡዕ

ለቸርቹ ሽማግሌዎች ነገርኳቸው። «ከወጡት ጋር ግንኙነት የለንም እህቴ፣ እንጸልይበት» አለ ሰብሳቢው። ጸለይን። ከአሜን በኋላ ሞከርኩት። ያው ነው።

የሴትየዋ ትዳር በእነሱ ኩርፊያ ሊፈርስ ነው። ወጥቼ ናቲ ጋ ደወልኩ።

አነሳው። «የቆለፍኩት ሽማግሌዎቹ የሰው ኢሜይል እየከፈቱ ስለሚያነቡ ነው» አለኝ። እንደሚያነቡ እኔም አውቃለሁ። ለእትዬ ብርቄ ነው ስለው ድምፁ ለሰለሰ። «ነገ አመጣዋለሁ።»

ሐሙስ

ሌክ ስትሪት፣ የናቲ መኪና ውስጥ። ቁልፉ ያለበትን ፍላሽ ሰጠኝ። «እትዬን ሰላም በይልኝ» አለ። እንዴት ነሽ እንኳን አላለኝም። ከፋኝ።

ቁልፉን ጫንኩት። ተከፈተ! የእትዬ ብርቄንና የባላቸውን መጻጻፍ ፕሪንት አደረግሁ። «ጉልበትህ እንዴት ነው? መድኃኒቱን እንዳትተው።» ወረቀት አለቀብኝና ገዝቼ ተመለስኩ። ስጨርስ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳያገኙት ቁልፉን ከማሽኑ ላይ አጠፋሁት።

ዓርብ

ጠዋት ለጠበቃው አስረከብን። «ይኼ ይበቃል» አለ። ቪዛው እንግዲህ የኤምባሲው ጉዳይ ነው። እትዬ ብርቄ አንገቴን አቅፈው አልለቅ አሉ።

ከሰዓት ሰብሳቢው ደወለ። ናቲን ማግኘቴን ሰምቷል። ለአገልግሎቴ አመስግኖ፣ ሰርቨሩን ለሌላ ወንድም እንዳስረክብ ነገረኝ። «ቁልፉንም ጭምር» አለ።

«ለናቲ መልሼለታለሁ» አልኩት። ውሸቴን ነው፣ ፍላሹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

እሑድ የትኛው ቸርች እንደምሄድ አላውቅም። እነናቲ ጋ አልሄድም። እነሱም ሰብሳቢ አላቸው።