የወንድሜ ማንጎ ሥር

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10

የመታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማዬ ዛሬም ሳያስፈቅደኝ ሲዋኝ አገኘሁት። የማንጎው ሥር የፍሳሽ ቱቦውን ለሦስተኛ ጊዜ ደፍኖታል።

ቧንቧ ሠራተኛው፣ «ጋሼ፣ ዛፉ ካልተቆረጠ ቤቱን ይልቀቁ» አለኝ።

«እስቲ አንተ አግባባው፤ ውሃ ከፈለገ ጣና ቅርብ ነው በለው» አልሁት። አልሳቀም።

ማንጎውን የተከለው ሟቹ ወንድሜ ነው፤ ልጁ ማኅሌት ክርስትና በተነሣች ዕለት። ቦታውን ያሳየሁት ግን እኔ ነበርሁ። «ከቱቦው አጠገብ ትከለው፤ ውሃ አይቸግረውም» አልሁት። አልቸገረውም።

ሌላ መላ አጣሁ። ቆራጩ ነገ ጠዋት ይመጣል። ለማኅሌት ምን እንደምላት ሳስብ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ራሷ ናት፤ ሳትነግረኝ ከእንፍራንዝ መጥታ፣ ባዶ ዘንቢል ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ! የአባዬ ማንጎ አልደረሰም እንዴ?»